አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎኩ ሥር ሸራ ወጥራ ቡና የምታፈላው ሴት ጋ ተሰብስበናል። ንፋሱ ከአዳማው ፈጣን መንገድ በኩል ይመጣና አቧራውን ሲኒያችን ውስጥ ይጨምርልናል። ማንም ቅር አይለውም፤ ለምደነዋል።

የዕለቱ ወሬ የወጣቱ ነበር። ዕቁብ ወጥቶለታል። ከዚህ በፊት ካጠራቀማት ጋር ሲደምራት 1.2 ሚሊዮን ብር ሞላች። መርካቶ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል፣ የሚኖረው እናቱ ቤት ነው። ቤት የሚፈልገው ሊገባበት አይደለም፤ ገዝቶ ሊያከራየው ነው። ከአንዱ ሁለተኛውን፣ ከሁለተኛው ሦስተኛውን እያለ እስከ አምስት ቆጥሮልናል። “ኪራዩ ራሱ የባንኩን ዕዳ ይከፍልልኛል” አለ።

ደላላው ይህን ሲሰማ ወንበሩን ሳበ።

“ባለ አንድ መኝታ አለችልህ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ፊኒሺንጓ ያለቀ። 3 ሚሊዮን ነው የሚሉት፣ ትንሽ ይወርዳሉ። አንተ 1.2ህን ይዘህ ና፣ የቀረውን ባንክ ይሞላዋል።”

ከመሀላችን አንዷ ባንክ ብድር ክፍል ነው የምትሠራው። ሲኒዋን አስቀመጠች። “ባንክ የቀረውን አይሞላም፤ ባንክ የሚሰጠው መሐንዲሱ ባለው ላይ ነው” አለች።

እኔም ይህን በደንብ አላውቀውም ነበር። ባንኩ መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ያስገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ደላላ ከሚጠራው ዋጋ በታች ነው። ከግምቱም ላይ ቢሆን ሙሉውን አያበድሩም። “ቤቷን መሐንዲሱ 2.2 ሚሊዮን አላት እንበል። ከዚያ ላይ 70 ከመቶ ተፈቀደልህ እንበል። 1.54 ሚሊዮን ነው የምታገኘው” አለችው። ልጁ በስልኩ ደመረ። 2.74 ሚሊዮን። 260 ሺህ ጎደለ።

“ገና ምኑን አይተህ” አለች። የስም ማዛወሪያ አለ። የቴምብር ቀረጥ አለ። የደላላው 2 ከመቶ ብቻውን 60 ሺህ ነው። ከሽያጭ ትርፍ ላይ የሚከፈለው ግብር በሕጉ የሻጩ ነው፤ ውሉ ላይ ግን “ማናቸውም ወጪ በገዢ” የምትል መስመር ሾልካ ትገባለች። ደላላው ወደ መንገዱ ማየት ጀመረ።

ከዚያ ወርሃዊ ክፍያው መጣ። ልጅቷ ማስያውን ከፍታ እያሳየችው ቆጠረችለት። “ወለዱን 18 ከመቶ አድርገው፣ ዘመኑን 20 ዓመት። 1.5 ሚሊዮን ብትወስድ በወር ወደ 23,150 ብር ትከፍላለህ። መጀመሪያው ወር ላይ 22,500ው ወለድ ነው። ዋናው ዕዳህ የሚቀንሰው በ650 ብር ነው።”

“በ650?”

“በ650። በ20 ዓመት ውስጥ የምትከፍለው ተደምሮ 5.5 ሚሊዮን ያልፋል። እሱም ወለዱ ሳይነካ ከቆየ ነው። ውሉን አንብበው፤ ባንኩ ወለዱን ማስተካከል ይችላል ይላል።”

ትንሽ ጸጥ አልን። ጸጥታውን የሰበረችው ቡና የምታፈላዋ ነች፤ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ከሰሉን ታራግብ ነበር።

“ወንድሜ፣ ዕዳዬን ትከፍልልኛለች ያልካት እኔን እኮ ነው” አለችው።

ሁላችንም ዞርን። እሷ የምትኖረው እዚያው ሰፈር፣ ልጁ ሊገዛት ባሰባት ዓይነት ባለ አንድ መኝታ ውስጥ ነው፤ በኪራይ። በወር 12 ሺህ ትከፍላለች። “ከዚህ በላይ ብትለኝ ወጥቼ ኮዬ ፈጬ እገባለሁ። ውሃ እንደልብ አይመጣም፣ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ አይደርስም፣ ጀሪካን ተሸክሜ ነው የምወጣው። ለዚህ 23 ሺህ ማን ይከፍልሃል?”

“በየጊዜው እጨምራለኋ!” አለ ልጁ።

“አትጨምርም!” ስቃ ነው ያለችው፣ ግን ታውቃለች። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጁን፣ 1320/2016ን፣ ከእኛ ከሁላችን በላይ ታውቀዋለች። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪው በዓመት አንዴ ከተማው ከሚያወጣው ጣሪያ አያልፍም። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም። የስድስት ወር ካልከፈልሽ ያላትን አከራይ ወረዳ ድረስ ወስዳዋለች። (ይህን ስትናገር ደላላው አልሳቀም።)

ጡረታ የወጡት ጋሼ ይህን ጊዜ ነው የገቡት። “ልጄ፣ ዕዳ አትግባ። ዕቁብህን ድገም፣ ሰብስብ፣ በእጅህ ባለው ግዛ። ባንክ ያየ ሰው እንቅልፍ የለውም” አሉት።

“ጋሼ፣ የእርስዎ ቤት በምን ተገዛ?” አለ ልጁ።

ጋሼ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት ናቸው። 20/80። ሃያውን ቆጥበው፣ ሰማንያውን ከንግድ ባንክ በብድር ነው ቤቱን የያዙት። ያኔ የወሩ ክፍያ ደመወዛቸውን ያንቀው ነበር፤ አሁን የአስቤዛ ግማሽ አትሆንም። ሣቅን፣ እሳቸውም ሣቁ። “የኛ ሌላ ነው፣ መንግሥት ነው የሠራው” አሉ። ባንኳ ልጅም ለእሳቸው አገዘች፤ ያኔ ዋጋውም ወለዱም እንዲህ አልነበረም አለች። ያም ሆኖ የልጁ ጥያቄ አጥንት አለው። ብር እየወደቀ፣ ዕዳው ግን ያው ቁጥር ሆኖ ከቀጠለ፣ የሚጎዳው ባንኩ ነው። ጋሼ በራሳቸው ኑሮ ይህን አስመስክረዋል።

ደላላው ወሬው ከእጁ እያመለጠ እንደሆነ ገባው። “እሺ፣ ባንኩን ተዉት” አለ። “የእውነት ልንገርህ፤ ቤቷ ላይ ካርታ ገና አልወጣም። ባለቤቱ ውክልና ይሰጥሃል። በርካሽ ትይዛታለህ፣ ካርታው ሲወጣ በስምህ ታዞራለህ። ጎረቤቶችህ ግማሾቹ እንዲህ ነው የገዙት።”

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ኮንዶሚኒየም ከተላለፈ በኋላ አምስት ዓመት እንዳይሸጥ የታገደ ጊዜ፣ ሰው ውክልናን የሽያጭ ውል አድርጎታል። ግን ውክልና ሽያጭ አይደለም። ሰጪው በማንኛውም ቀን ሊሽረው ይችላል። ከሞተ ውክልናውም አብሮት ያልቃል፤ ወራሾቹ በር ያንኳኳሉ። ሚስት ካለችው ደግሞ የጋራ ቤት ያለ እሷ ፈቃድ አይሸጥም፤ የቤተሰብ ሕጉ ነው የሚለው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ካልተፈረመ ይህ ሁሉ ጣጣ አለ።

“በዚያ ቤት ላይ ታበድሩኛላችሁ?” ሲል ልጁ ባንኳን ጠየቃት።

“በፍጹም።”

“ያቺን ካልፈለግክ ወደ ውጭ ወጣ እንበላ” አለ ደላላው፤ ሰውየው ተስፋ አይቆርጥም። ከከተማው ጫፍ አልፎ የገበሬ መሬት አለ። 150 ካሬ፣ በ1.2 ሚሊዮኑ ሙሉ በሙሉ ያልቃል፤ ባንክ የለ፣ ወለድ የለ። አምስት ክፍል ሰርቪስ ትደረድርና ለቀን ሠራተኛ ታከራያለህ። ወረቀቱ በሽማግሌ ፊት፣ ስጦታ ተብሎ ይጻፋል።

ጋሼ በዚህ ጊዜ ሣቃቸውን ዋጡት። የእህታቸው ልጅ እንዲህ ገዝቶ፣ ሸገር ከተማ ከተመሠረተ በኋላ ቤቱ ሲፈርስበት ቆርቆሮውን ራሱ ጭኖ ተመልሷል። ብዙም አላወሩበትም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥ 1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ያውቁት ይሆናል፣ ልጁ ግን አያውቀውም ነበር።

እኔ እስከ መጨረሻው ብዙ አልተናገርኩም። አሁን ልናገር።

ኪራዩ ዕዳዬን ይከፍላል የሚለው ሒሳብ ቱሉ ዲምቱ ላይ አይሠራም። 12 ሺህ ገብቶ 23 ሺህ ሲወጣ፣ 11 ሺው ከልጁ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው። ቤቷ ባዶ በከረመችበት ወር ደግሞ ሙሉው። ደላላው የፈለገውን ያስላ እንጂ፣ ቡና አፍይዋ ናት ትክክለኛዋን ቁጥር የነገረችን፤ ከፋዩዋ ራሷ ናትና።

ጋሼ ግን ብድርን ጨርሶ ተው ሲሉ አልተስማማሁም። ብር ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚሆነውን አይተናል፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ቁጭ ያለ ገንዘብ ምን እንደሆነ የሚረሳ የለም። እኔ ብሆን ባለ አንድ መኝታዋን ትቼ ካርታ ያላት ስቱዲዮ እፈልጋለሁ። አንድ የዕቁብ ዙር እጨምርበታለሁ። ከባንክ የምወስደው፣ ቤቷ ስድስት ወር ባዶ ብትቀመጥ በደመወዜ ልከፍለው የምችለውን ያህል ብቻ ነው።

ባንኩን ደግሞ ለብድሩ ብቻ አልፈልገውም። ወለዱ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ባንኩ ብር ከመልቀቁ በፊት ካርታውን ከክፍለ ከተማው ያጣራል፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለ ይጠይቃል፣ የሚስቱን ፊርማ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ፈትሾ “በዚህ ቤት አላበድርም” ሲል፣ እኔም ዕቁቤን ይዤ ወደዚያ ቤት አልሄድም።

ልጁ ያን ቀን ቀብድ ሊከፍል ነበር የመጣው። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ይለቃል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ይህን ባንኳ ልጅ ስትነግረው 50 ሺውን ከኪሱ ሳያወጣ ተወው። ደላላውን ግን አንድ ነገር ጠየቀው፤ ካርታ ያላት ስቱዲዮ ፈልግልኝ፣ ስታገኝ የካርታውን ኮፒ ቀድመህ ላክልኝ አለው።

“ዛሬ ማታ” አለ ደላላው።

ሦስት ቅዳሜ አለፈ።