ክብር ለ«ጠንከር ያለ ስጪኝ»

የጅማ ሰው ጥርሱን ካስነቀለ በኋላ የሚያሳየው ብልህነት አድናቂ አጥቶ መቅረት የለበትም። ማደንዘዣው ሳይለቀው ሂርማታ አካባቢ ካገኘው ፋርማሲ ጎራ ይልና «ጠንከር ያለ ስጪኝ» ይላል። የነከሰው ጥጥ አፉን ስለሞላው ጠርታ የምትወጣው «ጠንከር» ብቻ ናት፤ እሷም ትበቃለች።

ሐኪሙማ ምን አዘዘለት? አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም፣ ከፓራሲታሞል ጋር፣ ምግብ ቀመስ አድርጎ፣ ማደንዘዣው ሳይለቅ የሚጀመር። እንዲህም አድርጎ ሰው ይሰደባል? ራስ ምታት ለያዘው የሚሰጠውን ኪኒን መንጋጋው ለተፈለቀቀ! ክብሩን የሚያውቅ ሰው ትራማዶል ይጠይቃል፤ ኦፒዮይድ ከሚባሉት ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች ወገን የሆነውን።

የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ለጥርስ ነቀላ ሕመም መጀመሪያ የሚሰጠው እነ አይቡፕሮፌን ነው፣ ብቻቸውን ወይም ከፓራሲታሞል ጋር ብሏል። እነሱ እንግዲህ ኦፒዮይዱን እንደ ቆሎ ሲያድሉ ኖረው፣ ስንቱን ከቀበሩ በኋላ ነው ወደ ርካሹ የዞሩት። ይዙሩ! እኛ ገና መች ጠገብንና?

ደግሞ ትርፉን አስሉት። የሚያመው ድዱ ተቆጥቶ ስላበጠ ነው፤ አይቡፕሮፌን የሚሠራው እዚያው ቁጣው ላይ ነው። ትራማዶል እብጠቱን ባለበት ትቶ ጭንቅላት ላይ ይወጣል። ከዚያ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፤ አንዳንዱንም ያንቀጠቅጣል፣ ለምዶት የሚቀርም አለ። በአንድ ሕመም ገብቶ በአራት መውጣት፣ የቡና ነጋዴ እንኳ እንዲህ አያተርፍም።

ፋርማሲስቷ ግን ነገረኛ ናት። «ማዘዣ ይዘዋል? ጨጓራ ያምዎታል? ኩላሊትስ?» መርማሪ ፖሊስ ይመስል! ስለዚህ ሰውየው ወደ ሰፈር ይዞራል፤ እትዬ አሉ። ልጃቸው እግሩ ተሰብሮ ከታዘዘለት የተረፈውን በመሐረብ ቋጥረው አስቀምጠዋል። የመድኃኒቱ ጊዜ ያልፋል እንጂ የእትዬ ቸርነት አያልፍም። «ያም አጥንት፣ ይሄም አጥንት፤ ዋጠው ልጄ» ይሉታል።

በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ጉንጭ ላይ መያዝ የሚባለውንማ ለሕፃናት ትተነዋል። የኛ ሰው የሚያውቀው ትኩስ ነገር ነው። ጠያቂ መጥቶ ቡና ሳይፈላ ምኑን ታመመ? አቦሉን ከነትኩሳቱ ፉት ይላል፤ ቶናውን ይደግማል፤ ሲጋራ ያቀጣጥላል። ጫቱ ችግር የለውም፣ በሌላው ጉንጭ ነው። ቀዳዳውን የሸፈነው የረጋ ደም ሲነሳ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል፤ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ እስከ ጆሮ ይዘልቃል።

የዚያን ዕለት ቡናው ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይወስናል፦ ሐኪሙ አላወቀበትም፣ ኪኒኑም ደካማ ነበር። እትዬ፣ እስቲ አንድ ይጨምሩለት።