ትልቅ ሞተር ሁሌ ይቀድማል?

ወንድሜ፣ «ደብረ ማርቆስ ላይ ቢገናኙ ባለ 5.7 ሊትር ሞተሩ የአሜሪካ መኪና ዶጅ ቻሌንጀር ባለ 2 ሊትሩን ቮልስዋገን ጎልፍ አር አቧራ ያስቅመዋል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ግን ልክ አይደለም።

ቻሌንጀሩ 375 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ጎልፉ 315 ገደማ። እስከዚህ አሸንፈሃል። ክብደቱን ግን ረሳኸው። ቻሌንጀሩ ወደ 1,900 ኪሎ ይመዝናል፣ ጎልፉ ከ300 ኪሎ በላይ ያንሳል። በዚያ ላይ ጎልፉ የሚነሳው በአራቱም ጎማ ነው። ያኛው በኋላዎቹ ሁለቱ ብቻ ስለሆነ ነዳጅ ሲሰጡት ጎማው እዚያው ይሽከረከራል። (ሰው ፍጥነት የሚለው ያንን ጭስ ነው።)

ዋናው ነገር አየሩ ነው። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ አየሩ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የቻሌንጀሩ ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው፤ ስለዚህ 375ቱ ፈረስ ወደ 300 ይወርዳል። የጎልፉ ቱርቦ ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጎልፉ የሚያጣው ትንሽ ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ የሚወጣ ባለ ቱርቦ አይሱዙ ሲያፏጭ ሰምተህ የለ? ያው እሱ ነው።

እርግጥ ቱርቦው እስኪነቃ ቅጽበት ይፈጃል። የቻሌንጀሩን ባለ ስምንት ሲሊንደር (ቪ8) ሞተር ድምፅም፣ አልዋሽህም፣ ጎልፉ በሕልሙም አያገኘውም። ሄልካት የሚባለውን፣ እንደ ቱርቦ አየር የሚጨምቅ ሱፐርቻርጀር ያለውን ቻሌንጀር በ707 ፈረሱ ካመጣህብኝ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው።