ብቻህን?

ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ብስክሌቴን እየገፋሁ ልወጣ ስል፣ የግቢያችን ዘበኛ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ መኪናህ ምን ሆነ?"

መኪና የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ግን አራት ኪሎ ውስጥ ጎልማሳ ሰው ብስክሌት ላይ ከታየ፣ መኪናው ጋራዥ ገብቷል ማለት ነው።

"ሙገር ሸለቆ ደርሼ ልምጣ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከሰው ተጣላህ እንዴ?"

አይፈረድባቸውም። እኛ ዘንድ ብቻውን ቡና የጠጣ እንኳ ይታዘንለታል። ልከራከር ሞከርኩ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ብስክሌተኞችም ልካ ነበር አልኳቸው።

"እነሱስ ቢሆኑ" አሉ በሩን እየከፈቱልኝ፣ "መች ብቻቸውን ሄዱ?"

እስከ ፒያሳ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ነው። ሯጭ ይሮጥበታል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሣበታል፤ ብስክሌት ሲመጣ ግን ሁሉም ይደነግጣል። ከጊዮርጊስ በላይ አዲሱ ገበያን አልፎ ያለውን ዳገት አላወራም። ማርሽ አለቀብኝ፤ ወርጄ ገፋሁ። ሱሉልታ ላይ ብርዱ ጣቴን ወሰደው።

ጫንጮ ደርሳችሁ ወደ ደርባ ስትታጠፉ፣ ሜዳው ጤፉን እያሳየ ሲያባብላችሁ ይቆይና ድንገት ያልቃል። ገደል ነው። ታች ድረስ ገደል። ጭላዳዎች ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። በመጨረሻ ብቻዬን ሆንኩ።

አራት ደቂቃ ያህል።

ልጆቹ ከየት እንደበቀሉ አላውቅም። ትልቁ እረኛ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ኮጳ ኬ?" አለኝ። ኦሮምኛዬ ሰላምታ ላይ ነው የሚያልቀው። ይቺ ግን ያለ አስተርጓሚ ገባችኝ። ያው የዘበኛችን ጥያቄ ናት፤ ብቻህን?

ጎማዬም ይህን ሲጠብቅ ነበር መሰል ተነፈሰ። አንዱ ፓምፑን ያዘ፣ አንዱ ቀዳዳውን ሊፈልግ ከመነዳሪው ላይ ምራቁን እንትፍ አለ፣ ሌሎቹ አስተያየት ሰጡ። አስራ አንድ ሆነን አንድ ቀዳዳ ለጠፍን። እናቴን የምታክል ሴት ደግሞ እጄን እያየች አዘነችና አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት ብስክሌቱ ላይ አሰረችልኝ።

ከጫንጮ የተመለስኩት በአይሱዙ ነው። ብስክሌቱ ከላይ ከጆንያ ጋር፣ እኔ ጋቢና። ሾፌሩ ገና ሳይነሣ፣ "መኪና ተበላሽቶብህ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ደክሞኝ ነበር።

ማታ ዘበኛችን እሸቱን ተቀብለው መፈልፈል ጀመሩ።

"ብቻህን ሄደህ ይሄን ማን ሰጠህ?"

ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። ሁለት ሦስት ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጣል አደረጉና ጠጋ አሉኝ።

"መካኒኩ ግን ምን አለህ?"