ኃላፊውን ለሁለት አትጎትቱት

ወገኖቼ፣ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ኃላፊዎቻችንን እየበደልናቸው ነው። እነሱም በተራቸው ከሥራቸው ያሉትን ሠራተኞች ይበድላሉ።

ኃላፊውን ጠዋት «ወጪ ቀንስ» እንለዋለን። ከሰዓት «ጥራቱ ለምን ወረደ?» ብለን እናፋጥጠዋለን። «ሠራተኞችህን እመናቸው» ብለነው፣ አንድ ስህተት ሲገኝ «አንተ የት ነበርክ?» እንላለን። «የቱን ላስቀድም?» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ ደካማ ነው ብለን እናማዋለን። መጠየቁን ይተዋል።

እኔም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። በአንድ ጠዋት ሁለት መልእክት ደረሰኝ። አንዱ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቆሟል ይላል። ሌላው ሥራው ዓርብ ማለቅ አለበት ይላል። ስልኬን ደፋሁትና ለባልደረቦቼ የዓርቡን ብቻ ነገርኳቸው። ሐሙስ ማታ አንዷ ቦርሳዋን እንዳነገተች «ያመሸንበትን ማን ይከፍለናል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ትእዛዙ ከላይ ቢመጣም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት የዴንማርኩን አሻንጉሊት አምራች የሌጎን መካከለኛ ኃላፊዎች ተከታትሏል። ድርጅቱ አሠራሩን ሲቀይር፣ ራሳቸውን የሚመሩ ቡድኖችን ምሩ ተባሉ። ራሱን የሚመራ ቡድን እንዴት ይመራል? አጥኚዎቹ መልሱን አልሰጧቸውም። አብረዋቸው ተቀምጠው ጥያቄውን ደጋግመው እንዲያገላብጡት ረዷቸው። ተቃርኖው እንደማይጠፋ ሲገባቸው፣ ፍጹም መፍትሔ ማሳደዱን ትተው ለጊዜው የሚያሠራ መንገድ ያዙ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንላለን። እዚህ ላይ ግን ተረቱን አታምጡብኝ። ወጪና ጥራት ሁለት ዛፍ አይደሉም፤ የአንድ ሰው ሁለት እግሮች ናቸው። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይሸከማል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። በተራ የማይገባ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የሰው ደህንነት። የትኛውንም ጥድፊያ አታስቀድሙበት፣ ለነገም አታስተላልፉት።

ከላይ ያላችሁ፣ ሁለቱን ትእዛዝ አንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸው። በዚህ ሳምንት የቱ እንደሚቀድም፣ ወደ ሌላው መቼ እንደምትመለሱ ቀን ቁረጡ። መሃል ያላችሁ፣ ግጭቱን ውጣችሁ ከሥራችሁ ያሉት ሠራተኞች ላይ አትጣሉት። «እነዚህ ሁለቱ ተጋጭተውብኛል» በሉ፣ ሁሉም እየሰማ። ያን ቀን ደግሞ ማንም «አልቻለም» አይበል። ወንበር ስበን አጠገቡ እንቀመጥ።