አሳይመንቱን ማን ሠራው?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አንድ ጽሑፍ ቤት ገብቼ ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ቆሟል። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ የተቀመጠ አሳይመንት ከፈተች፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አጠፋችና «ያንተን ንገረኝ» አለችው። ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን ነገራት። አተመች፣ ጠረዘች። ከፍሎ ወጣ። አንዴ እንኳ ገልጦ አላየውም።

እኔ አስተማሪ ነኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን አፈርኩ። እንዲህ ያለ ወረቀት ስንቱን አርሜ ይሆን?

ፈተና ይሻላል ወይስ አሳይመንት የሚለው ክርክር መምህራን ሻይ በጠጣን ቁጥር ይነሳል። የአሳይመንት ደጋፊዎች «ፈተና ሽምደዳ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ሌሊቱን ሲቸክል ያደረ ልጅ ጠዋት የሸመደደውን ዘርግፎ ይወጣል፤ በሳምንቱ ብትጠይቁት ባዶ ነው። ምርጫ ሲሆንማ ጭራሽ። አንድ አንቀጽ አስተካክሎ መጻፍ የማይችል ተማሪ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያጠቆረ ዩኒቨርሲቲ ሊደርስ ይችላል።

ግን ፈተናው ጠበቅ ሲል የሆነውንም አይተናል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 ደረሰ። እነዚህ ልጆች ከክፍል ክፍል ያለፉት በቤት ሥራ፣ በግሩፕ ወርክና በክፍል ፈተና ነው። ካርዳቸው ላይ የተደረደረው ውጤት ምን ሲለካ ነበር? ጥፋቱን ሁሉ ልጆቹ ላይ መጫን አልወድም፤ እኛ አካባቢ በጦርነት ትምህርቱ የተቋረጠበት ብዙ ነው። ቢሆንም «አንዱን ምረጥ» ብባል ፈተናን እመርጣለሁ። አጤሬራ ካልያዘ በቀር ቢያንስ እጁ የራሱ ነው።

የግሩፕ ሥራውማ ይቅር። አምስት ስም ይጻፋል፣ አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ ለፕሪንት ያዋጣሉ። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቶ አንዷንም አሳርፏታል።

የሚገርመው ጎንደር ለዚህ ነገር መልስ ከያዘች ቆይታለች። የቅኔ ተማሪን አስቡት። ቀን ጥጉን ይዞ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለት በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ይውላል፤ በኋላ መምህሩ ፊት ይነግራል። የኔታ እዚያው ያርሙታል። ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ከላላ፣ «ይህን ለምን እንዲህ አልህ?» ይሉታል። ራሱ የቆጠረው ካልሆነ ምን ይመልሳል? ሥራው አሳይመንት ነው፤ አቀራረቡ ፈተና። አቋቋም፣ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና ዝማሜ፣ ሊያስመሰክር በአታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣውም ወረቀት አያስገባም፤ መምህራኑ ፊታቸው አቁመው ነው የሚያዩት።

በሕክምናውም ይኸው ነው። ከተማዋ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን ኖራለች። የሕክምና ተማሪ በሽተኛውን መርምሮ ታሪኩን ይጽፍና ሐኪሞች ፊት ቆሞ ይጠየቃል። የጻፈው ያልገባውን ሰው በሽተኛ ዘንድ ማስጠጋት ያስፈራላ!

እኛም እንዲሁ ተማሪውን ስላስገባው አሳይመንት ፊት ለፊት እንጠይቀው ስል፣ ባልደረባዬ «60 ተማሪ ይዤ እንዴት ይሆናል?» ይለኛል። ለአንዱ 5 ደቂቃ ቢሰጥ 5 ሰዓት ነው። እነዚያኑ 60 ወረቀቶች ለማረምም ቅዳሜና እሑዱ ያልቃል፤ ያውም ጽሑፍ ቤት የተሠራውን። ተማሪው 120 ከሆነ ግን እውነቱን ነው። ያኔ በዕጣ መጥራት ነው። ማን እንደሚጠራ ካልታወቀ ሁሉም አንብቦ ይመጣል።

ባለፈው ሴሚስተር ሞከርኩት። አንዲት ተማሪ ያስገባችው ሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ስርዝ ድልዙ በዝቷል። ስጠይቃት ግን ወረቀቱን ሳታይ መለሰች፤ የተሳሳተችበትንም ራሷ ነገረችኝ። ቀጥሎ የገባው ልጅ ሽፋኑ ባለቀለም፣ ጥራዙ ያማረ ነው። «ገጽ 4 ላይ ይህን ለምን አልህ?» አልኩት። ገጽ 4ን ፈልጎ እዚያው ቆሞ አነበበ። ሲያነበው የመጀመሪያው መሆኑ ያስታውቃል። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ቲቸር፣ ፈተና ይሻለኛል» አለኝ።