«ልጁ ቢረብሽ ማን ይጠየቃል?»

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ በነበርኩበት ወቅት እህቴ ኦቲዝም ያለበትን የ16 ዓመት ልጇን ለማስመዝገብ በወረዳዋ ወደሚገኘው የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ተነሥተው ወንበር ሰጡን። ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ ግን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እናቴ፣ ልጁ ቢረብሽ ማን ይጠየቃል?» እህቴ መልስ አጣች። በአዳራሹ የከረንቡላው ኳስ ይንኳኳል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ ከጀርባው ያለው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ አንድም ሰው ሳይኖርበት ጭር ብሏል። ልጁ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ጥግ ነበር፤ ስለዚያ ግን ማንም አላነሣም።

በምኖርባት ለንደን የጎረቤቴ ልጅ በየቅዳሜው የሚሄድበት የወጣቶች ክበብ አለ። ክበቡ ለወላጆች የሚሰጠው ቅጽ ልጁ ምን እንደሚወድ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚያስጨንቀው፣ ሲከፋው በምን እንደሚያስታውቅ ይጠይቃል፤ ሰው ስለመረበሹ የሚጠይቀው ነገር የለም። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ዓይን የሚወጋው መብራት ይቀነሳል፣ የከሰዓቱ መርሐ ግብር በሥዕል ተዘጋጅቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ድምፅ የሚቀንሱ የጆሮ መሸፈኛዎች በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ጨዋታው ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አስተባባሪዋ እየዞረች ለእያንዳንዳቸው ትነግራለች፤ ብዙዎቹን የሚያስደነግጣቸው ነገር በድንገት መቋረጡ ነውና። የጎረቤቴ ልጅ ከሰዓቱን ሙሉ የባቡር መስመሮች ሲሥል ቢያሳልፍ «ተነሥና ከሰው ተቀላቀል» ብሎ የሚጎተጉተው የለም። እንዲያውም ከጊዜ በኋላ ሌላ ባቡር ወዳድ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ አሁን በመስመሮቹ ቀለም ሲከራከሩ ይውላሉ።

ይህ ሁሉ ከፈረንጅ ደግነት የመነጨ እንዳይመስላችሁ፤ ከጀርባው ወላጆች ዓመታት ተሟግተው ያስገኙት ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የእንግሊዝ ደንብ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ቤተሰቦች የአጭር ጊዜ እረፍት አገልግሎት፣ ማለትም ወላጅ እንዲያርፍ ልጁን ለጥቂት ጊዜ ተቀብሎ የሚያውል አገልግሎት፣ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ የ2014ቱ የልጆችና ቤተሰቦች ሕግ ደግሞ የትምህርት ድጋፉ እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ሊዘልቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እርግጥ ነው፣ ለምርመራ ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ዓመታት ይቆጥራሉ፤ በጀት ተቆርጦ በራቸው የተዘጋ የወጣቶች ክበቦችም ብዙ ናቸው።

እኛም ብንሆን ከባዶ አንጀምርም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ይዘው ከአሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከእንግዳ ዓይን ሰውሮ ያኖር ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላም ወላጆች የነህምያ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል። ነገር ግን ጥቂት ልዩ ማዕከላት የአንድን አገር ልጆች ሁሉ ሊይዙ አይችሉም፤ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ሊውል የሚገባው በሰፈሩ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ መዝናኛንና ስፖርትን ጭምር ያካትታል። የወጣቶች ማዕከሉ ቤት ተሠርቷል፣ ሠራተኛው ተቀጥሯል፤ የጎደለው በሳምንት አንድ ከሰዓት ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኝቶ ቤተ መጻሕፍቱን የሚከፍት ሰው ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን የአገር ቤቱ ሳይሆን የእኛው የስደተኞቹ ነገር ነው። የክበቡን አሠራር በዓይናችን እያየን፣ ልጆቻችንንም እየላክንበት፣ የራሳችን ማኅበር አዳራሽ ስንገባ ሁሉን እንረሳዋለን። ባለፈው የዘመን መለወጫ ዝግጅት ላይ ያችው ጎረቤቴ ልጇ ጆሮውን ይዞ ማጉረምረም ሲጀምር በትሕትና ወደ ውጭ እንድታወጣው ተጠየቀች፤ ኮቷን እየለበሰች ሳለ አንዲት ወይዘሮ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጸበል ሞክረሽለታል?» አሏት። እናትየዋ ምንም አልመለሰችም። እኔ በማግሥቱ ከአዳራሹ ጎን ያለችውን ትንሽ ክፍል በየዝግጅቱ ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች እንዲለቁልን ለሥራ አስፈጻሚው ጻፍኩ። ክፍሏ የድምፅ ማጉያዎች ማስቀመጫ ስለሆነች እንደማይቻል ተገለጸልኝ። ማጉያዎቹን የማኖርበት ጋራዥ እንዳለኝና ማመላለሻውንም እንደምችል ጽፌ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።