"አታምነኝም እንዴ?" ተብዬ የገዛሁት ሽጉጥ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩ። ዛሬ ግን አልቻልኩም።

ያገለገለ ትንሽ ሽጉጥ ገዛሁ። በልብስ ስር ሻጥ ተደርጎ ቀኑን ሙሉ የሚዋልበት ዓይነት። ፈቃዴን በጊዜው አውጥቻለሁ። ሥልጠናዬን ጨርሻለሁ። ዝውውሩም ሕጉ በሚጠይቀው መንገድ ተፈጽሟል። በዚህ በኩል ማንንም አልወቅስም። ብሶቴ ከሻጮች ጋር ነው። በተለይ በይሉኝታችን ከሚነግዱት ጋር።

ሰውየው ጨዋ ይመስላል። ሽጉጡን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣው። ካርታውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን መያዣ አወጣ፤ ስላይዱን፣ ማለትም ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተውን የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ስቦ ምንም ጥይት እንዳልጎረሰ አሳየኝ፤ ከዚያ አቀበለኝ። አያያዙ ደስ አለኝ። እኔም ራሴ ደግሜ ፈተሽኩ። "ባዶ ነው" ተብሎ የተሰጠ መሣሪያ በገዛ ዓይን ሳይታይ አይያዝም። እዚህ ላይ እናትና አባትም አይታመኑም።

የማውቀውን ሁሉ አየሁ። የስልኬን መብራት አብርቼ በርሜሉ ውስጥ ተመለከትኩ። ጥምዝምዝ ጎድጎዶቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። ዝገት የለም። ጥቁር ቀለበትም የለም። በርሜል ውስጥ ጥቁር ቀለበት ካያችሁ አንድ አረር እዚያ ተቀርቅሮ ሳለ ከኋላው ሌላ ተተኩሶበት በርሜሉ አብጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ትቶ መሄድ ነው። የኔው ግን ንጹሕ ነበር። ስላይዱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጧል። ይሄ የአፎት ልጠት ስለሆነ ግድ አልሰጠኝም። እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው። ብዙ ሰው ሽጉጥ ይታጠቃል እንጂ አይተኩስበትም። ላዩ ተላጦ ውስጡ ገና አዲስ የሆነ ሽጉጥ ሞልቷል። ያገለገለ የፈለግኩትም ለዚሁ ነው።

ምላጩን በባዶ ሞከርኩት። ቅቤ ነው። "እንዴት ይለሰልሳል!" አልኩት። ሰውየው ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ያዙልኝ።

ከዚያ ጠየቅኩ። "ከመግዛቴ በፊት ተኩስ መለማመጃው ጋ ሄደን ሁለት ካርታ ልተኩስበት? ጥይቱን እኔ እችላለሁ። የቦታውንም እኔ እከፍላለሁ።"

ፊቱ ተለወጠ። ትንሽ ዝም ብሎ አየኝ። "አታምነኝም እንዴ ወንድሜ? ብዙም አልተተኮሰበትም እኮ።"

በቃ። እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። ደግሜ ብጠይቅ ሰውየውን ሌባ ያልኩት መሰለኝ። አፌ ተሳሰረ። ከፍዬ ወጣሁ።

እስቲ አስቡት። መኪና ስትገዙ ነድታችሁ ታያላችሁ፤ መካኒክ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሻጩ ቅር አይለውም። ጫማ እንኳ አጥልቃችሁ ሁለት እርምጃ ትራመዱበታላችሁ። ሕይወት ላይ አደጋ ሲመጣ አንዴ ተመዞ፣ ያለ ሁለተኛ ዕድል መሥራት ያለበት ዕቃ ላይ ሲሆን ግን "ልሞክረው" ማለት ስድብ ይሆናል። ለምን? የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው በሁለት ካርታ ተኩስ ምን ይጎዳል?

ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ መለማመጃው ጋ ሄድኩ። 100 ጥይት ይዣለሁ፤ አረራቸው ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነ፣ አፍንጫቸው ክብ የሆነ። ለመሣሪያ የሚቀልለው እንዲህ ያለው ጥይት ነው። ዒላማውን 7 ሜትር ላይ ሰቀልኩ። የጆሮ መከላከያ፣ መነጽር። የመጀመሪያው ካርታ 10ሩንም ያለ ምንም ችግር ተፋ። ቀዳዳዎቹ በመዳፍ ይሸፈናሉ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ሁለተኛው ካርታ ላይ ዘጠነኛው ጥይት ነከሰ።

ስላይዱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አፈሙዙን ከዒላማው ሳላነሳ፣ ጣቴን ከምላጩ አውጥቼ አየሁት። ጥይቱ ወደ በርሜሉ ጉሮሮ ቀና ብሎ መውጣት ሲገባው አፍንጫውን ደፍቶ የካርታውን የፊት ግድግዳ ወግቷል። አጸዳሁትና ቀጠልኩ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ምላጩን ስስብ "ቀጭ" አለ። ድምፅ የለም፣ ግፊት የለም። ከሸፈ። እንዲህ ሲሆን ወዲያው መክፈት አይገባም። ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ስለሚችል አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግኩ 30 ሰከንድ ቆጠርኩ። ከዚያ ጥይቱን አወጣሁት።

የጥይቱ ቂጥ መሐል ላይ፣ ተመትታ ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ ክብ ነገር አለች። መቺዋ መርፌ የምታርፈው እሷ ላይ ነው። የከሸፈውን ጥይት በአንድ እጄ፣ ከመሬት ያነሳሁትን ባዶ ቀለህ በሌላ እጄ ያዝኩ። ቀለሁ ላይ ምቱ ጎድጎድ ብሏል። የከሸፈው ላይ ግን ጥፍር ሳሙና ላይ የሚተወውን ያህል ጭረት ብቻ። መርፌዋ ደርሳለች፤ ጉልበት ግን የላትም።

ከ100 ጥይት አምስት ጊዜ ነከሰ። ሦስት ጊዜ ከሸፈ። ስምንት ጊዜ! በልብስ ስር ታጥቄው ልወጣ ባሰብኩት ሽጉጥ!

እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። መጀመሪያ ያለኝ "አያያዝህ ነው፤ ትንሽ ሽጉጥ ጠንካራ እጅ ይፈልጋል" ነው። ያናደደኝ ይሄ መልስ ግማሽ እውነት ያለው መሆኑ ነው። ስላይዱ ወደ ኋላ ሄዶ ቀለሁን አስፈንጥሮ አዲስ ጥይት ለማጉረስ እጀታው ጸንቶ መያዝ አለበት። የእጅ አንጓ ከላላ ሽጉጡ አብሮ ወደ ኋላ ይሄድና የስላይዱ ጉዞ ያጥራል። ትንሽ ሽጉጥ ላይ ደግሞ ይብሳል። 9 በ19 ሚሊሜትር የሚባለውን ጥይት የሽጉጥ ነዳፊው ጌኦርግ ሉገር በ1902 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ለትልቅ ሽጉጥ ነበር። ጥይቱ ዛሬም ያው ነው፤ ሽጉጡ ግን አጥሯል። በ1988 እ.ኤ.አ. ግሎክ 19 የተባለው ሽጉጥ ሲመጣ 15 ጥይት ይዞ ትንሽ ተባለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሲግ ፒ365 ደግሞ ከሱም በጣም ባነሰ አካል 10 ጥይት ይዞ መጣ። ስላይዱ ሲቀልልና መንገዱ ሲያጥር ያንኑ ግፊት የሚሸከመው ሞላ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ሥራውም ይበዛበታል፤ ቶሎም ይደክማል። ትልቅ ሽጉጥ የሚያልፈውን ስሕተት ትንሹ አያልፈውም። ስለዚህ ሻጩ የተናገረው ነገር ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን እኮ የእጅ መላላት የመርፌ ምት አያሳንስም!

አሠልጣኜን ጠራሁት። በዚህ ሥራ ያረጀ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ምንም ሳልነግረው ሽጉጡን ሰጠሁት። በ14 ጥይት ውስጥ አንዴ ነከሰበት፣ አንዴ ከሸፈበት። "የኔም አያያዝ ነው?" አለኝ።

ይህንን ለሻጩ ብነግረው መልሱን ቀየረ። "ገና አልተፍታታም፤ 500 ያህል ተኩስበት፣ ይስተካከላል።" አንድ ሽጉጥ እንዴት አገልግሎም አዲስም ይሆናል? ደግሞስ 500 ጥይት ማን ይከፍላል? ጥይቱ ሲደመር ሽጉጡን በአዲስ ልገዛው የምችልበት ገንዘብ ላይ ሊደርስ ነው። ሦስተኛው መልሱ "በኔ እጅ እንዲህ አድርጎ አያውቅም" የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳም።

አሠልጣኜ ካርታዎቹ ላይ በነጭ ቀለም "1" እና "2" ብሎ ጻፈባቸው። ይህቺ ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ካርታችሁን ቁጥር ስጡት። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁለቱን እያፈራረቅኩ ስለምተኩስ የቱ እንደሚነክስ አላውቅም ነበር። የተጻፈባቸው ዕለት ሌላ 40 ተኮስን። የነከሰው ሁሉ ከ"2" ነው። እሱም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ወይም ሁለት ጥይት ሲቀር። ካርታ ሲሞላ ሞላው ተጨምቆ በኃይል ይገፋል፤ ጥይቱ ሲያልቅ ግን ተዘርግቶ ስለሚደክም የመጨረሻዎቹን ቶሎ አያነሳቸውም። ስላይዱ ቀድሞ ይደርስባቸዋል። ካርታ "2"ን ከፈትነው። የፋብሪካው አይደለም፤ በርካሽ የተሠራ ማስመሰያ ነው። ሞላውን ከ"1" ሞላ ጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ሁለት ጣት ያህል ያጥራል፤ ሽቦውም ቀጭን ነው።

ካርታውን እሺ፣ ላላውቅ እችላለሁ ይበል። ይሁንለት።

ሽጉጡ ሲፈታ የታየው ግን ምንም ምክንያት አይገኝለትም። መርፌዋን የምትገፋው ሞላ ተቀይራለች። የፋብሪካዋ ወጥታ የላላች ገብታለች። አንዳንድ ሰው ምላጩ እንዲለሰልስለት ይህንን ያደርጋል። ለስፖርት ለሚተኩስ ሰው ይሁን፤ አንድ ጥይት ቢከሽፍበት ነጥብ ያጣል እንጂ ሌላ አያጣም። ለሕይወት መጠበቂያ የሚታጠቅ ሽጉጥ ላይ ይህንን አድርጎ፣ ለገዢው ሳይናገር መሸጥ ግን ምን ይባላል? "ቅቤ ነው" ብዬ የተደሰትኩበት ምላጭ ለካ ሽጉጡ የታመመበት ቦታ ነው። ያቺ ፈገግታ አሁን ገባችኝ።

በጨለማ የሚያበራ ማነጣጠሪያ አለው ብሎም ነበር። ማታ መብራት አጥፍቼ አየሁት። ከሦስቱ ነጥቦች አንዷ ብቻ፣ እሷም እንደ ጭስ። ብርሃኑ የሚመጣው ትሪቲየም ከሚባል ጋዝ ነው፤ እሱ ደግሞ በ12.3 ዓመት ግማሹ ያልቃል። ያረጀ ማነጣጠሪያ መሆኑን ባለቤቱ ማታ ማታ ያየዋል፤ እኔ በጠራራ ፀሐይ ስገዛ በምን ልወቀው? ይህንን ግን እንደ ትልቅ በደል አልቆጥረውም። ማነጣጠሪያ ይቀየራል።

አሁን ያለሁበት ደረጃ ይሄ ነው። የመርፌዋን ሞላ በፋብሪካዋ ቀየርኩ። የስላይዱንም ሞላ ለጥንቃቄ ቀየርኩ፤ ስንት እንደተተኮሰበት የሚነግረኝ የለምና። ካርታ "2"ን ጣልኩት። ሁለት አዳዲስ የፋብሪካ ካርታዎች ገዛሁ፤ እነሱም ቁጥር አላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት 200 ጥይት እተኩስበታለሁ። 150ው ተራ ጥይት፣ 50ው ደግሞ ታጥቄው የምወጣበት ጫፉ የተቦረቦረ ጥይት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ክብ አፍንጫ ያለውን ያለ ችግር የሚጎርስ ሽጉጥ ጫፉ የተቦረቦረውን ሊነክስ ይችላል። ከ200ው አንዱ እንኳ ቢነክስ ወይም ቢከሽፍ ከዜሮ እጀምራለሁ። እስከዚያ ድረስ ሽጉጡ ባዶውን ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው ያለው። ወጪው ሲደመር "በርካሽ ገዛሁ" ያልኩት ነገር የት እንደገባ እንጃ።

እናንተ ሽጉጥ የምትሸጡ ሰዎች፣ እባካችሁ። የቀየራችሁትን ነገር ተናገሩ። "ሞላውን ቀይሬዋለሁ፣ የፋብሪካው ይኸው" ብትሉ ማን ይሸሻችኋል? እኔ በደስታ እገዛችሁ ነበር። ገዢው "ልሞክረው" ሲል ፊታችሁን አታጥቁሩበት። የምትገዙም፣ "አታምነኝም እንዴ?" ስትባሉ "አምንሃለሁ፤ ሽጉጡን ግን አላውቀውም" በሉ። ለኔ ይህቺ መልስ የመጣችልኝ ከፍዬ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ትናንት ማታ ለሰውየው የመጨረሻ መልእክት ላክሁለት። አልተሳደብኩም። የካርታውን ሞላ ፎቶ፣ የከሸፉትን ጥይቶች ፎቶ፣ ከሽጉጡ ያወጣናትን የላላች ሞላ ፎቶ አያይዤ "ይህንን ታውቅ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት። አየው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ መለሰልኝ።

"ወንድሜ፣ ያቺን ሞላ ካልፈለግካት መልስልኝ። በስንት ፍለጋ ነው ያገኘኋት።"